ሮቦቱ ቁልፉን ለቅቄው እንኳ ይሄዳል፤ ከሩቅ በኢንተርኔት መንዳት እንዴት ይስተካከላል?

ባለጎማው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባለ አራት ጎማ ሮቦት ሠርቻለሁ። ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል። ላዩ ላይ ስክሪን፣ ካሜራ፣ ማይክና ስፒከር አለ። ውስጡ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ብሮውዘር ላይ የቀስት ቁልፍ ስጫን ይሄዳል፣ ስለቀው ይቆማል። ሁለታችንም አንድ ዋይፋይ ላይ እስካለን ድረስ እንከን የለውም።

ለምን እንደምሠራው ልንገራችሁ፤ መልሳችሁን ሊለውጠው ይችላል። እህቴ ከአልጋ መነሳት አትችልም። እጇ ግን ደህና ነው። ሮቦቱ ወላጆቻችን ቤት ይቀመጥና እሷ ካለችበት ሆና እየነዳችው፣ ሳሎን ገብታ ከሰው ጋር እንድትጫወት ነው ሐሳቡ። ቤቱ ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ሮቦቱን በሞባይል ዳታ ሳገናኘው ነው። ቁልፉን ለቅቄው እንኳ መሄዱን አይተውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ ትንሽ ቆይቶ የተጫንኩትን ሁሉ በላይ በላዩ ያወርደዋል፤ ግራ፣ ወደፊት፣ ቀኝ፣ ወደፊት። ትናንት ወንበር እየገፋ ግድግዳ ድረስ ሄደ። ልጅ ቢሆንስ ብዬ የሞተሩን ሽቦ ነቅዬ አስቀመጥኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልፍ ሲጫን «ሂድ»፣ ሲለቀቅ «ቁም» የሚል መልእክት በዌብሶኬት (ብሮውዘሩና ሮቦቱ ሳይዘጋ በሚያቆዩት የመልእክት መስመር) ይሄዳል። ቪዲዮው ለብቻው ይመጣል። ፈጣን ፓኬጅ ብገዛ ይፈታል? ወይስ ኮዱ ነው? አንዳንድ ሰው ደግሞ «ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ሮቦቱ የሚገባበትን በር) ክፈትና ቀጥታ ተገናኝ፣ ይፈጥናል» ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ኔትወርከኛዋ፦

ሽቦውን መንቀልህ ጥሩ ነው። እንደነቀልከው ይቆይ። ፓኬጅ ለመግዛትም አትቸኩል።

የሆነው ይሄ ነው። «ቁም» የሚለው መልእክት መንገድ ላይ ዘግይቷል ወይም ጭራሽ አልደረሰም። ሮቦቱ ደግሞ «ሂድ» ተብሏልና ይሄዳል። የሮቦትህ መቆም በኢንተርኔቱ መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይሄ መገልበጥ አለበት። መቆም የሮቦቱ የራሱ ጠባይ ይሁን። መሄድ ግን በየቅጽበቱ እንደገና የሚፈቀድለት ነገር ይሁን።

ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ብሮውዘሩ በሰከንድ 10 ወይም 20 ጊዜ «አሁንም ተጭኗል» እያለ ይላክ። ሮቦቱ ላይ ቆጣሪ ይኑር። መልእክት በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ከዜሮ ይነሳል። ለግማሽ ሰከንድ ያህል ምንም ካልሰማ ሞተሩን ያቆማል። ማንንም አይጠይቅም፣ ማንንም አይጠብቅም። በሙያው ዋችዶግ ይባላል። ሮስ (የሮቦት ፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ ሰው ዲፍ ድራይቭ ኮንትሮለር የሚባለውን የጎማ መቆጣጠሪያ ያውቀዋል፤ እሱ ይሄ ነገር ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ካልነካኸው ገደቡ 0.5 ሰከንድ ነው።

አንድ ልጨምር። ዋችዶጉን ፓይ ላይ ብቻ አታስቀምጠው። ፓይ ራሱ ቀጥ ሊል ይችላል። ሞተሩን በቀጥታ የሚያዘው ማይክሮኮንትሮለር ላይም ሌላ አንድ ይኑር። ፓይ ዝም ካለ እሱ ያቁመው።

የሌሊት_ኮድ፦

በዋችዶጉ እስማማለሁ። ከዚያ ውጪ ግን ነገሩን ባናካብደው ባይ ነኝ። ዌብሶኬት ጥሩ ነው። ከሥሩ ያለው ቲሲፒ (የኢንተርኔት መላኪያ ደንብ) መልእክት አይጥልም፤ በተላከበት ቅደም ተከተል ያደርሳል። ኖዲሌይ የሚባለውን ማስተካከያ አብራው፤ ትንንሽ መልእክቶችን አጠራቅሞ መላኩን ይተዋል። ስንትና ስንት የፋብሪካ መሣሪያ በቲሲፒ ይታዘዛል። ለአንድ ሮቦት አዲስ ነገር መማር ምን አስፈለገ?

ኔትወርከኛዋ፦

የሌሊት ኮድ፣ ፋብሪካ ውስጥ መስመሩ የራሱ ነው። ኬብሉ አጭር ነው፣ ፓኬት (መልእክት ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) የሚጠፋው ከስንት አንዴ ነው። እዚህ ግን የምናወራው ስለ ሞባይል ዳታ ነው።

ቲሲፒ አንድ ፓኬት ሲጠፋበት ከኋላ የደረሱትን ሁሉ ይይዛቸዋል። የጠፋው ተደግሞ እስኪመጣ አንዱንም ለፕሮግራሙ አይሰጥም። ፋይል ስታወርድ ይሄ ጸጋ ነው። ስትነዳ ግን የምትፈልገው የአሁኑን ትእዛዝ ነው፤ የቅድሙ ምን ያደርግልሃል? ኖዲሌይ ላኪው ጋ ያለውን ማጠራቀም ያስቀራል እንጂ ይሄንን መጠበቅ አያስቀረውም።

መስመሩ ለ2 ሰከንድ ቢቋረጥ፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ከላክህ 40 ትእዛዝ ተሰልፎ ይጠብቃል። መስመሩ ሲመለስ ተከታትሎ ይፈስሳል። ሮቦቱ ላይ ያለው ኮድ ደግሞ ተራ በተራ የሚያስተናግድ ከሆነ ባለጎማው ያየው ጭፈራ ይመጣል።

አሁን በደንብ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ዋችዶግ ብቻውን ከዚህ አያድንም። እነዚያ 40 ያረጁ ትእዛዞች ሲደርሱ ለዋችዶጉ አዲስ ይመስሉታል። «መልእክት መጣ» ብሎ ቆጣሪውን ከዜሮ ያስነሳል። እህትህ ቁልፉን ከለቀቀች ቆይታለች፤ ሮቦቱ ግን እየተነዳሁ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ዕድሜ መታወቅ አለበት። የጠፋ ትእዛዝ ሮቦቱን ያስቆመዋል፤ ያረጀ ትእዛዝ ግን ያስኬደዋል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ዕድሜውን እንዴት ታውቃለህ? የብሮውዘሩን ሰዓት ከሮቦቱ ሰዓት ጋር አታወዳድር፤ ሁለቱ እኩል አይሄዱም። ይልቅ እንዲህ አድርግ። ሮቦቱ የራሱን ሰዓት በሚሊሰከንድ እየለካ በሰከንድ 20 ጊዜ ወደ ብሮውዘሩ ይላክ። ብሮውዘሩ ትእዛዝ ሲልክ መጨረሻ የደረሰውን የሮቦቱን ሰዓት አብሮ ይመልስ። ሮቦቱ ትእዛዙ ሲደርሰው ያንን ከአሁኑ ሰዓቱ ላይ ይቀንሰው። ልዩነቱ የሙሉ ምልልሱ ጊዜ ነው፤ የተለካውም በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለምሳሌ ሮቦቱ 81,200 ላይ የላከው ቁጥር በ81,390 ተመልሶ ቢመጣ ዕድሜው 190 ነው፤ ይፈጸም። በ83,300 ቢመጣ ዕድሜው 2,100 ነው፤ ይጣል። ዋችዶጉንም አይንካው። ወሰኑን 400 አካባቢ ጀምርና መስመርህን እያየህ አስተካክል።

ማጓጓዣው ዌብአርቲሲ (ብሮውዘሮች ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀሙበት) ቢሆን ይሻላል። ከብሮውዘር ይሠራል፣ መልእክት የሚሄድበትን ዳታ ቻናል ደግሞ «ቅደም ተከተል አትጠብቅ፣ የጠፋውን አትድገም» ብለህ መክፈት ትችላለህ። ያኔ የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል፣ አዲሱ ወዲያው ይደርሳል።

የሌሊት_ኮድ፦

ያረጀ ትእዛዝ ዋችዶጉን ይቀልበዋል የሚለው አሳማኝ ነው። ያልታየኝ ነገር ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ጥያቄ፦ በኤምኪውቲቲስ? መሣሪያዎች መሃል ባለ ሰርቨር በኩል መልእክት የሚለዋወጡበት ነው፤ ለደካማ መስመር ተብሎ ነው የተሠራው። ላስት ዊል የሚባልም አለው፤ መስመር ሲቋረጥ ሰርቨሩ ራሱ መልእክት ያስተላልፋል።

መምህሩ፦

ልጆች፣ በኤምኪውቲቲው ኔትወርከኛዋ ትመልስ። እኔ ባለጎማው «ፈጣን ፓኬጅ ልግዛ?» ያለውን ልያዝ።

ፓኬጁ የሚሸጥልህ የመስመሩን ስፋት ነው፤ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚያልፍ። አንተን የሚያስቸግርህ ግን መዘግየቱ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 10,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሮቦት ጋ ደርሶ ለመመለስ በትንሹ 100 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ይሄ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን፣ መሃል ላይ አንድም ራውተር ባይኖር ነው። በገንዘብ የሚቀነስ አይደለም። አንተ ጋ ርቀቱ አጭር ይሆናል፤ ያንተ ሰዓት የሚባክነው ሞባይል ኔትወርኩና ወረፋው ላይ ነው።

ይህ ችግር ከኢንተርኔት ይቀድማል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1960ዎቹ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልያም ፌረል የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን ሜካኒካል እጅ ከሩቅ እንዲያንቀሳቅሱ እያደረገ ይመለከት ነበር፤ መሃል ላይ ሆን ብሎ መዘግየት አስገብቶ። ሰዎቹ ሳይነገራቸው አንድ ዘዴ ያዙ። ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ውጤቱን አይተው እንደገና ያንቀሳቅሳሉ። መዘግየቱ ሲረዝም ሥራው በዚያው ልክ ይጓተታል፤ ግን አይበላሽም። ፌረልና ቶማስ ሸሪዳን ከዚያ ተነስተው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፦ ሰውየው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ከሚያዝ ግቡን ይንገር፣ አፈጻጸሙን ማሽኑ ራሱ ይወጣው።

በ1970 ሶቪየቶች ሉኖኮድ 1 የሚባለውን ተሽከርካሪ ጨረቃ ላይ አሳርፈው ከምድር ሆነው ነዱት። ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ብቻ 2.6 ሰከንድ ገደማ ነው። በ1993 የጀርመን የጠፈር ማእከል ሮቴክስ የሚባል የሮቦት እጅ ኮሎምቢያ በምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ላይ ላከ። ምልልሱ ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ምድር ላይ ያለው ሰው የሚያየው እጁ የሚደርስበትን በኮምፒውተር የተሳለ ምስል ነው፤ ነገሩን የመጨበጡን ዝርዝር እዚያው ያሉት ሴንሰሮች ይጨርሱታል።

ወደ ዌቡ ስንመጣ፣ በ1994 ኬን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሮቦት እጅ ከዌብ ጋር አገናኙ። ማንም ሰው ከብሮውዘሩ ሆኖ እጁን እያንቀሳቀሰ፣ በአየር ግፊት አሸዋ እየበተነ የተቀበሩ ዕቃዎችን ይፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት ዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬን ቴይለር ሌላ አወጣ፤ በሱ ደግሞ ሰው የእንጨት ብሎኮች ይደረድራል። በ1995 ጎልድበርግና ጓደኞቹ ቴሌጋርደንን ከፈቱ፤ ሰዎች ከያሉበት ዘር ይተክላሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ። ያኔ ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ነበር። ታዲያ እንዴት ሠራ? ሰው «እዚህ ነጥብ ላይ ሂድ» ብሎ አንዴ ይጫናል፤ እጁ በራሱ ፍጥነት ሄዶ ይቆማል፤ አዲስ ፎቶ ይመጣል። ገመዱ ቢዘገይ የሚጎዳው ትዕግሥት ነው እንጂ ዕቃው አይደለም።

ባለጎማው፣ ያንተም መፍትሔ ግማሹ እዚህ ውስጥ አለ። የቀስት ቁልፉን አትተወው። አጠገቡ ግን «50 ሳንቲ ሜትር ወደፊት»፣ «30 ዲግሪ ወደ ግራ» የሚሉ ትእዛዞች ጨምርለት። መስመሩ ሲደክም እህትህ በእነዚህ ትሥራ። ሮቦቱ ልኩን ጨርሶ ይቆማል። ከፊት ርቀት የሚለካ ሴንሰር አድርግለትና፣ ሰውም ሆነ ዕቃ ከቀረበው የማንንም ትእዛዝ ሳይሰማ ይቁም።

ኔትወርከኛዋ፦

እጅ ነስቻለሁ መምህር። የዌቡን ታሪክ በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም።

የሌሊት ኮድ፣ ኤምኪውቲቲን እወደዋለሁ። የባትሪ መጠን፣ የሙቀት መጠን፣ «ሮቦቱ ኦንላይን ነው ወይስ አይደለም» ለሚለው ይሁንልህ። ለመንዳት ግን አይሁን። እሱም አብዛኛውን ጊዜ በቲሲፒ ላይ ነው የሚሄደው። ላስት ዊል ያልከው መልእክት የሚወጣው ሰርቨሩ ግንኙነቱ መሞቱን ሲያምን ነው፤ ኪፕ አላይቭ ተብሎ የተሞላውን ጊዜ (ሮቦቱ ዝም ሊል የሚፈቀድለትን) አንድ ተኩል እጥፍ ይጠብቃል። 60 ሰከንድ ብለህ ከሞላህ 90 ሰከንድ ማለት ነው። በ90 ሰከንድ ሮቦቱ የት ይደርሳል? በዚያ ላይ መልእክቱ የሚደርሰው ለሌሎቹ ነው፤ መስመሩ የተቋረጠበት ሮቦት ራሱ አይሰማውም።

ከሁሉ የሚከፋው ሪቴይን የሚባለው ምርጫ ነው። «ወደፊት» የሚለውን ትእዛዝ ሪቴይን አድርገህ ከላክህ ሰርቨሩ ያስቀምጠዋል። ሮቦቱ በማግሥቱ ሲበራና ሲገናኝ የትናንቱን «ወደፊት» ይሰጠዋል። ማንም ሳይነካው ተነስቶ ይሄዳል። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ላይ በፍጹም እንዳታደርጉት።

ባለጎማው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የግማሽ ሜትሩን ሐሳብ ለእህቴ ነገርኳት፤ እንዲያውም ለእጄ ይቀለኛል አለችኝ። ዋችዶጉንና የዕድሜ ማጣሪያውን መጻፍ ጀምሬያለሁ።

ቪዲዮውስ? በስሜት ሳየው አንድ ሰከንድ የሚዘገይ ይመስለኛል። ካሜራው በፉል ኤችዲ ነው የሚልከው።

ሌንስ፦

በስሜት አትገምተው፣ ለካው። ስልክህ ላይ ሚሊሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ክፈትና ሮቦቱ ካሜራ ፊት አድርገው። ምስሉ የሚመጣበትን ስክሪን ከስልኩ ጎን አስቀምጠህ በሌላ ካሜራ ሁለቱንም አንድ ላይ ፎቶ አንሳ። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ሙሉው መዘግየት ነው፤ ከካሜራው ሌንስ እስከ ተመልካቹ ስክሪን። ደጋግመህ አንሳ፤ ቁጥሩ ይዋዥቃል። አማካዩን ሳይሆን የባሰውን ያዝ።

ከዚያ ፉል ኤችዲውን ተወው። የሞባይል ዳታ የመላኪያ አቅም ከመቀበያው ይጠባል፤ ቪዲዮህ የሚሄደው ደግሞ በመላኪያው ነው። መስመሩ ከሚችለው በላይ ስትልክበት ትርፉ ሞደሙ ውስጥ ይሰለፋል። ምስሉ አይቆራረጥም፣ ጥራቱም ያምራል፤ ግን የሚታየው ያለፈው ነገር ነው። ኔትወርከኛዋ ያለችው የሮቦቱ ሰዓትም እዚያው ወረፋ ውስጥ ይቀረቀራል። ያኔ ማጣሪያው ደህናውን ትእዛዝ አርጅቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ሮቦቱ ይንገጫገጫል፣ አንተ ደግሞ ኮዱን ትጠረጥራለህ።

640 በ480 በቂ ነው። ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ አሳንሰህ በዌብአርቲሲ ላከው፤ መስመሩ ሲጠብ ጥራቱን ራሱ ይቀንሳል። አሁን ጄፔግ በጄፔግ እየላክህ ከሆነ ብዙ ዳታ ትበላለህ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ነውና። ምስሉን የሚያሳየው ፕሮግራም እንዳይቆራረጥ ብሎ የሚያጠራቅመው ካለም አጥፋው። ፊልም ለማየት ይጠቅማል፤ ለመንዳት ይጎዳል።

ፍጥነቱን ደግሞ ከመዘግየቱ ጋር እሰረው። ሮቦቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ምስሉ 400 ሚሊሰከንድ ካረጀና ትእዛዙ 100 ከፈጀበት፣ እህትህ ልጁን አይታ ቁልፉን በለቀቀችበት ቅጽበት እንኳ ሮቦቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሰው አይቶ እጁን እስኪያነሳ የሚፈጀው ጊዜና የፍሬኑ ርቀት ገና አልተቆጠረም። እኔ ብሆን ሮቦቱ የለካውን ምልልስ እያየ ራሱ ከፍተኛ ፍጥነቱን እንዲቀንስ አደርገዋለሁ። ምልልሱ ሲረዝም ይዘግይ፣ ወሰን ሲያልፍ በግማሽ ሜትሩ ትእዛዝ ብቻ ይሠራ።

በሩን_ዝጋ፦

ፖርት ክፈት ያለህን ሰው አትስማው። ለነገሩ ሮቦቱ በሞባይል ዳታ ከሆነ ብትፈልግም ላይሳካልህ ይችላል። ብዙ ኦፕሬተሮች ከውጭ የሚታየውን አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ፤ ከውጭ ወደ አንተ የሚገባበት በር የለም። ሮቦቱ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ መገናኘት አለበት።

ቢከፈትልህም አታድርገው። በ2018 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንተርኔቱን ቃኝተው ለማንም ክፍት የሆኑ ከ100 በላይ የሮስ ሲስተሞች አግኝተዋል። የመጀመሪያው ሮስ ከተጠቃሚው የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ለላብራቶሪ ነው የተሠራው። ተመራማሪዎቹ ባለቤቶቹን አስፈቅደው አንዱን ሮቦት ሞከሩት። በካሜራው አዩ፣ ሮቦቱንም አንቀሳቀሱት። አስቡት፣ እዚህ የምናወራው ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ስለሚዞር ካሜራና ማይክ ነው።

ዋየርጋርድን ተጠቀም፤ በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም ነው። ቁልፍ ለሌለው ሰው ጭራሽ መልስ አይሰጥም፤ የሚቃኝ ሰው ምንም እንዳለ አያውቅም። በዩዲፒ (የጠፋውን በማይደግመው መላኪያ) ስለሚሄድ የተባለውን የቲሲፒ ጣጣ አይጨምርብህም። አንድ ርካሽ ሰርቨር መሃል ላይ አድርግ፤ ሮቦቱም የእህትህ ታብሌትም ወደሱ ይደውሉ። ብሮውዘር ገጹ ላይም የይለፍ ቃል ይኑር።

ሌላው የሚረሳው ነገር፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነጂ ብቻ ይኑር። ሁለት ሰው ገጹን ቢከፍት ማን ነው የሚያዘው? ነጂው ለጥቂት ሰከንድ የሚሆን ፈቃድ ይያዝ፣ እያሳደሰ ይንዳ፤ ሲተወው ለሌላው ይለቀቅ።

ለቤተሰቡም አስብ። ካሜራው ሲበራ በቀጥታ ከካሜራው ኃይል ጋር የተያያዘ መብራት ይብራ፣ በኮድ የሚጠፋ አይሁን። ሮቦቱ ላይ ደግሞ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አድርግ፤ የሞተሩን ኤሌክትሪክ ራሱን የሚቆርጥ። ፓይን የሚለምን ቁልፍ አታድርገው። ልጅም እንዲደርስበት አድርገህ ግጠመው።

ከአልጋ_ላይ፦

ሰላም ባለጎማው። እኔ እንደ እህትህ ነኝ። እንዲህ ያለ ሮቦት ነድቼ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከነጂው ወንበር የሚታየውን ልንገርህ።

ሁላችሁም ስለ ምስሉ ትጨነቃላችሁ። እኔን የሚያደክመኝ ድምፁ ነው። ምስሉ ቢቆም ሰውን እየሰማሁ እጠብቃለሁ። ድምፁ ሲዘገይ ግን ሁለታችንም እኩል እንጀምራለን፣ ሁለታችንም እናቆማለን፣ መጨረሻ ላይ ሰው ከኔ ጋር ማውራቱን ይተወዋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስልክ ንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው፤ ከ400 በላይ ደግሞ ተቀባይነት የለውም ይላል። መስመሩ ሲጠብ መጀመሪያ ምስሉን ቀንስ። ድምፁን አትንካ።

ካሜራው ሲዞር ሮቦቱ ሁሉ እንዳይዞር አድርግለት። አንገት ይኑረው። ሰው ሲጠራኝ ዘወር ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ጎማውን እያሽከረከርኩ ሳይሆን። ቁመቱ እስከ ወገብ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ፊት ለፊት ያገናኛታል።

መስመሩ ሲቋረጥ ሮቦቱ ስክሪኑ ላይ «መስመር ተቋርጧል፣ ትመለሳለች» ብሎ ይጻፍ። ይሄ ለናንተ ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። እኔ ሳልኖር ሰዎች ቆሞ የቀረውን ሮቦት እያዩ ዝም ብላ ታፈጥብናለች ይላሉ። ወይም አንስተው ጥግ ያስቀምጡታል፤ ስመለስ ግድግዳ አያለሁ። ለቤተሰቡ ንገራቸው፦ ሳይጠይቋት እንዳያነሱት። እሷን እንደማንሳት ነው።

ጃፓን ቶኪዮ ውስጥ ዶውን የሚባል ካፌ አለ። አስተናጋጆቹ ኦሪሂሜ የሚባሉ ሮቦቶች ናቸው። የሚያንቀሳቅሷቸው ከቤት መውጣት የማይችሉ ሰዎች ናቸው፣ ለሥራቸውም ይከፈላቸዋል። በ2021 ነው ቋሚ ሆኖ የተከፈተው። ሰዎቹ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ያዝናናሉ፣ ያወራሉ። ይህንን የምጽፍልህ እህትህ ሳሎኑን ከለመደች በኋላ ከሳሎን ውጭ ማሰብ እንደምትችል እንድታውቅ ነው።

ባለጎማው፦

ከአልጋ ላይ፣ ይሄንን ለእህቴ አነበብኩላት። «የጻፈችው ሴት ታውቃለች» አለች። አንገቱን እሠራዋለሁ። የስክሪኑን ጽሑፍ ዛሬውኑ ጨምሬዋለሁ።

ሌንስ፣ ለካሁት። የባሰው 900 አካባቢ ነበር። ወደ 640 በ480 አውርጄ በዌብአርቲሲ ስልከው የባሰው 350 ሆነ። ልዩነቱ ለዓይን ይታያል።

መምህር፣ ዋችዶጉን እንዴት ልፈትነው? መስመሩ በራሱ እስኪበላሽ መጠበቅ አልፈለግኩም።

መምህሩ፦

አትጠብቅ፤ አንተው አበላሸው። ሊኑክስ ላይ ኔትኢም የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፓይህም ላይ ይሠራል። የፈለግከውን መዘግየት፣ የፈለግከውን መዋዠቅ፣ የፈለግከውን ያህል የፓኬት መጥፋት ያስገባልሃል። ጎማው መሬት እንዳይነካ ሮቦቱን ዕቃ ላይ አስቀምጠው። መጀመሪያ 300 ሚሊሰከንድ መዘግየት ስጠው። ቀጥሎ ከመቶ 5 ፓኬት ይጥፋ። ቀጥሎ ቁልፉን እንደተጫንክ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ቁረጠው። ከዚያ ለ2 ሰከንድ ቆርጠህ መልሰው፤ የቅድሙ ጭፈራ የሚመጣ ከሆነ እዚያ ጋ ይመጣል። በመጨረሻ ሞተሩ እየዞረ እያለ የፓይን ኃይል ንቀለው። በሁሉም ላይ ጎማው በተባለው ጊዜ ውስጥ መቆም አለበት። አንዷ እንኳ ካልሆነች ልጆች ያሉበት ክፍል አይግባ።

ሌላም ልብ በል። በ2001 ዣክ ማርስኮ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ኒውዮርክ ሆኖ ስትራስቡርግ ያለች ታካሚን በሮቦት እጅ የሐሞት ከረጢቷን አወጣላት። ምልልሱ 155 ሚሊሰከንድ ገደማ ነበር። የተጠቀሙት ግን ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ የፋይበር መስመር ነው፤ ታካሚዋ አጠገብም ሐኪሞች ቆመው ነበር። መስመሩ ያን ያህል ተጠንቅቆ እንኳ ሰው ከአጠገቧ አልተለየም። እህትህ ሮቦቱን ስትለማመድ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ቀዩ ቁልፍ አጠገብ ይቀመጥ።

ባለጎማው፦

ገባኝ መምህር፣ እንዳሉት አደርጋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ ለኔትወርከኛዋ። ፈተናውን ስጀምር አንድ ነገር አየሁ። ፓይን አጥፍቼ ሳበራው የሮቦቱ ሰዓት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ብሮውዘሩ ግን ከመጥፋቱ በፊት የደረሰውን ትልቅ ቁጥር ይዞ ይመልሳል። ስቀንሰው ኔጌቲቭ ይወጣና ከ400 ስለሚያንስ ትእዛዙ ያልፋል!

ኔትወርከኛዋ፦

በፈተና ማግኘትህ ደስ ይላል። ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ኔጌቲቭ ዕድሜ ሁሉ ይጣል፤ ከወደፊት የመጣ ትእዛዝ የለም። ግን ይሄ ብቻ አይበቃም፤ ፓይ ከበራ በኋላ ሰዓቱ እየቆጠረ ሄዶ አሮጌው ቁጥር ጋ የሚደርስበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሮቦቱ በበራ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ያውጣ፣ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይላከው። ብሮውዘሩ ሁለቱንም ይመልስ። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ትእዛዙ ካለፈው ሕይወቱ የመጣ ነው፤ ይጣል። ገጹም ቁጥሩ መቀየሩን ሲያይ የተጫነ ቁልፍ ሁሉ እንደተለቀቀ ይቁጠር። እህትህ እንደገና ካልተጫነች ሮቦቱ አይነሳም። ይሄንን ከጨመርክ በኋላ የመምህርን ፈተና ከመጀመሪያው ድገመው፤ ፓይን የመንቀሉን ፈተና ደግሞ ቁልፉን እንደተጫንክ መልሰህ እያበራህ ሞክረው።